መስኮቶቹ መጮኽ ያቆሙ ጊዜ

የኖርኩበትን አገር ስም አልጽፍም። የአገሩ ሰው ራሱ ስሙን አይጠራም፤ «እዚህ» ነው የሚለው። እንግዳ መጥቶ «እዚህ ማለት የት ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ የቆመበትን መሬት በጣታቸው ያሳዩታል። እኔ እዚያ ጫማ ሰፊ ነበርኩ። ከቀብር መስኮት ፊት ለፊት ግንቡን ተደግፌ፣ ወስፌና ክሬን ዘርግቼ እውላለሁ። ቦታውን የመረጥኩት ጥላ ስላለው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በዚያ አገር ሥራ ሁሉ የሚሠራው በመስኮት ነው። አንድ ረዥም መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ግንብ ነው፤ ግንቡ ላይ መስኮቶች ተደርድረዋል። በመስኮቱ አንድ ነገር ታስገባለህ፣ ሌላ ነገር ይወጣልሃል። በወፍጮው መስኮት እህል ሰጥተህ ዱቄት ትቀበላለህ። ዱቄቱን ይዘህ ዳቦ ጋጋሪው መስኮት ትሄዳለህ፣ ዳቦ ይሰጥሃል። በሸማኔው መስኮት ፈትል ገብቶ ጋቢ ይወጣል። እግሩ የተሰበረ ሰው በወጌሻው መስኮት ይገባና እግሩ በሸንበቆ ታስሮ ይወጣል። የሞተ ሰው ደግሞ በቀብር መስኮት ገብቶ፣ ታጥቦና ተገንዞ፣ በሳጥን ሆኖ ይወጣል። ውስጥ ምን እንደሚደረግ ማንም አይጠይቅም ነበር። ለምን ይጠይቅ? የሚገባው የታወቀ፣ የሚወጣው የታወቀ።

ከየመስኮቱ በላይ የሚቀበለው ነገር የተጻፈበት ሰሌዳ ይሰቀላል። ከጎኑ ደግሞ ጯሂ ይቆማል። ጯሂ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ጉሮሮው ተፈትኖ ነው የሚቀጠረው። የማይሆን ነገር ይዘህ ከመጣህ፣ መንገዱ ዳርና ዳር እስኪሰማ ይጮህብሃል፦

«እዚህ የምንቀበለው እህል ነው! የመጣው ጠጠር ነው! ያመጣው የዳምጤ ልጅ ሽብሩ ነው!»

ጩኸቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ምን እንደሚፈለግ፣ ምን እንደመጣ፣ በማን እጅ እንደመጣ። ሽብሩም እንደ ሚጥሚጣ ቀልቶ፣ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ወሰደበት ቦታ ይመለሳል፤ እዚያ ያለው ጯሂ ደግሞ በተራው ይጮሃል። ጩኸቱ እንዲህ ወደ ኋላ እየሄደ እህልና ጠጠር የተቀላቀለበት ጎተራ ድረስ ይደርሳል። ደስ የሚል ልማድ ነበር አልልም። እኔም አንዴ ከቆዳ ፋሪው መስኮት ላይ ተጩሆብኝ፣ ያን ሰሞን ሙሉ ሰው ሲያየኝ ይስቅ ነበር። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ባዶ እግሩን የሄደ ሰው ግን አልነበረም።

ይህን ልማድ ያስቀረው የሹሙ ቆብ ነው።

ሹሙ ያኔ ተራ ሹም ነበር። ልጁን ሊድር ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን፣ ሰው ትሕትናውን እንዲያይለት ብሎ እህሉን ራሱ ተሸክሞ ወፍጮ ሄደ። ሲያልበው ቆቡን አውልቆ ጆንያው አፍ ላይ አስቀመጠ፤ እንዳስቀመጠውም ረሳው። አማቾቹ ከኋላው ቆመው ሳለ የወፍጮው ጯሂ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እዚህ የምንቀበለው እህል ነው! የመጣው የሹሙ ቆብ ነው! ያመጣው ራሱ ሹሙ ነው!» አለ። መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራው ሳይቀር ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ የለዘብታ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ሹሙም የለዘብታ ሹም ሆነ። የመጀመሪያው አዋጅ በየመስኮቱ ተነበበ። መስኮት አይጮህም። መስኮት የመጣለትን ይቀበላል፤ ሰውየው ምን ሊያመጣ እንዳሰበ ራሱ አስቦ እንደዚያው ይሠራል። ምንም ቢያስቡት የማይሆን ነገር ሲመጣ፣ ባዶ ሙዳይ ገጥመው፣ በጨርቅ ሸፍነው፣ በሁለት እጅ ይሰጣሉ። ሁለተኛው አዋጅ ሰሌዳዎቹን አወረደ፤ «እህል ብቻ» የሚል ጽሑፍ በዝግታ የተጮኸ ጩኸት ነው ተብሎ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀለም ተቀቡ። ጯሂዎቹ ከሥራ አልተባረሩም፤ ለዘብታ ነዋ። የዝምታ ዘበኛ ተብለው በየነበሩበት መስኮት ቆሙ። የቀብር መስኮት ጯሂ የነበረው አንዳርጌም ዱላ ተሰጥቶት እኔ ፊት ለፊት ቆመ። ድሮም ብዙ አይጮህም ነበር፤ ሰው ሬሳውን አይስትም። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ጠጥቶ የወደቀ ሰው በዘመድ ጥድፊያ ሲመጣ፣ «እዚህ የምንቀበለው ሬሳ ነው! የመጣው ሰካራም ነው!» ይል ነበር፤ ሰካራሙም በጩኸቱ ነቅቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ሰሞን ጥሩ ነበር። ማንም አላፈረም፤ ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም። ዱቄቱ ከበፊቱ ከበደ፤ ሰውም በረከት ገባበት አለ። አንዱ ለሸማኔው የዓሣ መረብ አቀበለና የሙሽራ ቀሚስ ተሠራለት፤ ሙሽሪት ለብሳው ወጣች፤ እንግዶቹም ሌላ ሌላውን ሲያዩ ዋሉ። አንዲት እናት ልጇን ማስተማሪያ መስኮት ልታስገባ ሄዳ፣ ልጁ ከጀርባዋ እስኪወርድላት ብላ እንስራዋን ቀድማ አቀበለች። እንስራው ተምሮ ወጣ። ምስክር ወረቀቱ አንገቱ ላይ ታስሮለት ባለጉዳይ የሚሰማበት ክፍል ተመደበ፤ እስከማውቀው ድረስ በትዕግሥቱ ያልተመሰገነበት ጊዜ የለም።

ከዚያ የጣሪያው ነገር መጣ። አንድ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ለቀጥቃጩ መስኮት ብረት ያቀበለ መስሎት ከሰል አቀበለ። ቀጥቃጩ ከከሰል ምስማር አይወጣለትምና ባዶ ሙዳይ ሸፍኖ ሰጠ። መንገድ ላይ ክዳን መክፈት ሰጪውን መጠርጠር ስለሆነ ነውር ነው፤ ሰውየውም አልከፈተም። ሙዳዩ አናጢው ጋ ገባ። አናጢውም አልጮኸም፤ ምስማር አለ ብሎ ቆጥሮ ጣሪያውን ግድግዳው ላይ አስቀመጠው። ጣሪያው በጋውን በሰላም ተቀምጦ ከረመ። የክረምት ነፋስ ሲመጣ ቤተሰቡ እራት ላይ ሳለ ወረደባቸው። አናጢው ታሰረ። ቀጥቃጩ ለቅሶ ደረሰ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ቢሰውር ለመናገር ነው።

ቢሰውር ጎረቤቴ ነበር፤ ጣሪያ ከዳኝ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያውቅ ሰው አይደለም። በሬ መንገድ ቢዘጋበት ይቅርታ ጠይቆ የሚያልፍ ሰው ነው። ሚስቱ እታፈራሁ ደግሞ ከጓሮዋ ስትጣራ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው አቤት ይላል። «አንተ ሰውዬ፣» ትለው ነበር፣ «ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ‹ይቅርታ፣ ትንሽ ጭስ ሸተተኝ› ነው የምትለው።» እሱም ይስቃል። «ታዲያ አንቺ እያለሽ እኔ ለምን ልጩህ?» ይላታል። ልጅ አልነበራቸውም። እሱ ከጣሪያ እስኪወርድ እሷ ደጅ ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀው፤ አንድም ቀን ሳትጠብቀው ቀርታ አላየሁም።

አንድ ካፊያ የሚልበት ቀን ከጣሪያ ወደቀና ቅልጥሙ ተሰበረ። የእታፈራሁ ወንድሞች ከወንዝ ማዶ ለጥየቃ መጥተው ነበር። «ሂዱ ወጌሻ ጋ አድርሱልኝ፤ እኔ አጥንት ቀቅዬ እጠብቃለሁ» አለቻቸው። ካፊያው እንዳይመታው ጋቢዋን ከራስ እስከ እግሩ አልብሳ፣ በቃሬዛ ሰደደችው። ወንዝ ማዶ የእኛ ዓይነት መስኮት የለም፤ ወንድማማቾቹ ስለ አገራችን የሚያውቁት ከልጅነታቸው የሰሙትን ነው።

ሁለት ሰዎች ቃሬዛ አቀብለው ላባቸውን ሲጠርጉ ሳይ ጎንበስ ብዬ ሶል እየሰፋሁ ነበር።

«ማን ሞተባችሁ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ሟርት ነው ጋሼ!» አለ ታላቅየው። «ማንም አልሞተ። የእህታችን ባል እግሩን ተሰብሮ ነው። ወጌሻ ጋ አስገባነው።»

«ወጌሻው ከውሃው ጉድጓድ ወዲያ ያለው ነው። ይሄ የቀብር መስኮት ነው።»

ሳቀብኝ። «አይ ጋሼ፣ የናንተን አገር እናውቃለን እኮ። ስተን ቢሆን ይጮሁብን ነበር። ዝም ብለው ነው የተቀበሉን፤ እንዲያውም ‹አይዟችሁ› አሉን።»

ታናሽየው ግን አልሳቀም። ሰማያዊውን መስኮት አየ፣ ቀጥሎ ያለውን ሰማያዊ መስኮት አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ እህቱ ቤት ሮጠ። እኔም ሶሉን ጥዬ ተነሣሁ። አንዳርጌ ዱላውን አግድሞ ያዘ።

«ጫማ ሰፊ፣ ወደ ቦታህ።»

«አንዳርጌ፣ ያስገቡት በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ?»

«ጋቢው ሲተነፍስ አይቻለሁ አልኩህ።» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ድሮ ቢሆን...» አለና ተወው።

እታፈራሁ መጣች። እጇ ላይ የአጥንቱ መረቅ አለ፤ ማማሰያውንም ይዛው ነው የመጣችው። መስኮቱን በማማሰያው ደበደበችው። ባለመስኮቱ ጋሽ ይርዳው መዝጊያውን ከፍቶ ብቅ አለ። ሽማግሌ ነው፤ ፊቱ እንደ ንስሐ አባት ነው።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣» አላት። «እግዜር ያጽናሽ።»

«ምን ያጽናኛል! ባሌ አልሞተም! ይመልሱልኝ!»

«አዎ፣ አልሞተም፣» አለ ጋሽ ይርዳው። «አሁን እንኳ ውሃ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ጨዋ ሰው ነው።»

«ታዲያ ይስጡኛ!»

«እንዴት ብዬ ልጄ? ሳልሠራው ብመልሰው አልቀበልም ማለቴ ነው። አልቀበልም ማለት ደግሞ ጩኸት ነው። ሰው ምን አስቦ እንዳመጣ አስባችሁ ሥሩ ተብለናል። ቀብር መስኮት ሰው ሲያመጡ ምን አስበው ነው የሚያመጡት? እስቲ አንቺው ፍረጂ።»

«እግሩን ተሰብሮ ነው እኮ!»

«እሱንም አይቻለሁ። አታስቢ፤ በደንብ ነው የምንገንዘው፣ እግሩ አይታወቅም።»

ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «እታፈራሁ፣ አንቺ ነሽ?»

«ቢሰውር! ጩህ! አልሞትኩም በላቸው!»

«ብያቸዋለሁ።»

«ጮክ ብለህ!»

«ሰው ይሰማል፣» አለ።

«እንዲሰማ እኮ ነው!»

«እነሱ ምን ያድርጉ? የታዘዙትን ነው። አንቺ ሂጂና ሹሙን አነጋግሪልኝ። እስከዚያ ይጠብቁኛል።» ከዚያ ውስጥ ላለ ሰው፣ «ትጠብቁኛላችሁ አይደል?» ሲል ሰማነው።

«ስንት ጊዜ አለው?» አለች እታፈራሁ።

«የማጠቢያው ውሃ እስኪሞቅ ነው፣» አለ ጋሽ ይርዳው። «በቀዝቃዛ ውሃማ አናጥበውም።»

የሹሙ መሥሪያ ቤት ከመንገዱ ጫፍ ነው። አብሬያት ሮጥኩ። ሹሙ ደግ ፊት አለው፤ ሰው ሲናገር ራሱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። እታፈራሁን እስክትጨርስ ሰማት።

«እኔ ያልገባኝ፣» አለ፣ «የጎደለሽ ምንድን ነው? ተቀብለውሻል፣ አክብረውሻል፣ ሥራ ጀምረዋል።»

«ጌታዬ፣ በሕይወት ያለ ሰው ነው የተቀበሉት!»

«አዎ። ድሮ ቢሆን ይሄ ሰው ምን ይሆን ነበር? ከነቃሬዛው፣ ከነስሙ ተጩሆበት፣ በመንገድ መሃል ተዋርዶ ይመለስ ነበር።»

«ተዋርዶ ይመለስልኝ!»

ሹሙ ይህን ሲሰማ አዘነ። «አንዱ መስኮት አልቀበልም ካለ ነገ ሌላው ይላል። የት ይቆማል? መንገዱ ሁሉ ጩኸት ይሆናል። እኔ እኮ የማስበው ላንቺ ብቻ አይደለም።» ከዚያ ዘወር ብሎ ከመደርደሪያ አንድ ነገር አነሣና በሁለት እጁ ሰጣት። በጨርቅ የተሸፈነ ሙዳይ ነው።

እታፈራሁ ጨርቁን ገፋ አድርጋ ክዳኑን እዚያው ከፈተችው። ሹሙ ነውሯን ላለማየት ፊቱን አዞረ። ሙዳዩ ባዶ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«መልስ ነው፣» አላት።

ስንመለስ ከቀብር መስኮት እንፋሎት ይወጣል። እታፈራሁ አንዳርጌ እግር ላይ ወደቀች። «አንዳርጌ ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ። የድሮውን ጩኸት። እነዚያ ውስጥ ያሉት ያንተን ድምፅ ያውቁታል፤ ስትጮኽ እጃቸው ይቆማል።»

«ተነሽ እህቴ፣ ተነሽ፣» አላት። «ቤት ሙሉ ሰው ከዚህ ጉሮሮ ነው የሚበላው። አልችልም።»

ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ፣ ወንዝ ማዶ ድረስ የሚሰማውን ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«እዚህ የምትቀበሉት ሬሳ ነው! የመጣው በሕይወት ያለ ሰው ነው! ያመጡት ወንድሞቼ ናቸው!»

መንገዱ ቀጥ አለ። ወፍጮ መስኮት የተሰለፉት ሴቶች ዘወር አሉ። አንዲት ሴት ቀብር መስኮት ፊት ቆማ፣ ባሌ አልሞተም እያለች ትጮኻለች። ይህ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንም ማሰብ አላስፈለገውም፤ ያልቀበረ ሰው የለምና። ጆንያቸውን ጣሉ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ።

«ወይኔ እህቴን! እንዲህ ነው መጀመሪያ፣ አልሞተም ያሰኛል!»

«በሕይወት አለ እኮ ነው የምላችሁ!» አለች እታፈራሁ።

«አለ አለች! ወይኔ! ለሷ አለ!»

አልሞተም ባለች ቁጥር ለቅሶው ይጋጋላል። አንዷ ቃሏን ተቀብላ በዜማ አወጣችው፣ «አልሞተም አለች ወይ!» እያለች፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። ወንድሞቿ እውነት መሆኑን ለማስረዳት ሲጮኹ፣ ሽማግሌዎች ይዘው አስቀመጧቸው። እኔም «እውነቷን ነው! ያነጋገርነው አሁን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። የማላውቀው ሰው አቀፈኝ። «ወዳጁ ነበርክ?» አለኝ። «ጎረቤቱ ነኝ» አልኩት። «አይዞህ፣ እኔም ወንድሜ ሲሞት ድምፁን እሰማ ነበር» ብሎ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። ማልቀሱ የእውነት ነበር፤ ሸሚዜ ረጥቧል።

በዚያ ሰዓት ቢሰውር ከውስጥ ጮኾ እንደሆነ አላውቅም። ቢጮህም የሚሰማው አልነበረም።

ሳጥኑ በምስማር ተመትቶ ወጣ። እታፈራሁ ከዕቃዬ መሃል መዶሻዬን አንሥታ ክዳኑን ነቀለችው። ሰው፣ «ኧረ ያዟት፣ ኧረ ነውር ነው» አለ፤ የያዛት ግን የለም። ቢሰውር ተገንዟል። እግሩ በእርግጥም አይታወቅም ነበር። ከፈኑ አፉ ላይ እርጥብ ነው። ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ቀና ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሹሙ ሕዝብ ተሰበሰበ ሲባል መጣ። ነገሩን እዚያው መረመረ።

«መስኮታችሁ የሚቀበለው ምንድን ነው?» አለው ጋሽ ይርዳውን።

«ሬሳ ነው ጌታዬ።»

«የሰጣችሁትስ?»

ጋሽ ይርዳው ሳጥኑን አየ። «ሬሳ ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ የማይሆን ነገር የታለ?» አለ ሹሙ። መስኮቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ተቀበለ እንጂ ያለ ቦታው አልተቀበለም ተብሎ ተወሰነ።

የቀረው የእታፈራሁ ጉዳይ ነበር። ጮኻለች። ጩኸት ከተባለ ደግሞ ቃሉ እንዳለ ተጽፎ በአደባባይ መነበብ አለበት፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሹሙ ያ ቃል እንዲነበብ አልፈለገም። ስለዚህ ሦስተኛውን አዋጅ አወጣ፦ በቀብር መስኮት ፊት የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ሐዘን ነው፤ ለሐዘንም ልክ አይወጣለትም። ሰው ሹሙ ሆደ ቡቡ ነው አለ።

እታፈራሁ ቢሰውርን ቀብራ በሦስተኛው ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥቁር ለብሳለች። ዝም ብላ ትውላለች። ቃሬዛ ሲመጣ ብቻ ትነሣና ልብሱን ትገልጣለች። ነውር ነው፣ ግን የሐዘንተኛ ነውር ይታለፋል። በእጇ ጀርባ አፍንጫውን ትሞክራለች፣ አንገቱን ትነካለች። ከሞተ፣ «ነፍስ ይማር» ብላ ትለቀዋለች። ካልሞተ ደረቷን መትታ ሙሾ ታወጣለች፦

«ቢሰውር ዓለሜ፣ ያላለቀ ሥራ፣
ይሄም ይተነፍሳል እንዳንተ በተራ።»

ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ይሞክራል፤ ከዚያ ቃሬዛው ይዞራል። የሞቱ የመሰሉትን፣ ደክመው የተኙትን፣ ወጌሻ ጋ ያሉ መስሏቸው የመጡትን ሁሉ እንዲህ ስትመልስ አይቻለሁ። ሁሉንም ግን አላገኘቻቸውም። ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች፤ መስኮቱ ግን አይዘጋም።

ከጊዜ በኋላ ጆንያ የያዘ ሰውም በእሷ በኩል ማለፍ ጀመረ። መንገዱ እንኳ አይደለም፤ ዞሮ ነው የሚመጣው። ጆንያውን አጠገቧ አሳርፎ ጫማውን የሚያሰፋ ይመስላል። እሷም እጇን ትከታለች፦

«ቢሰውር ዓለሜ፣ እንዳትበላ ተው፣
እህል ነው ያሉህ፣ ውስጡ ጠጠር ነው።»

ሙዳይ የያዘችም ትመጣለች፤ ክዳኑን ትከፍትላታለች። ሥራዬ በዛ፤ ብዙዎቹ ግን ጫማቸው ደህና ነበር።

አንድ ቀን ሰው ሲቀንስ፣ «እሱስ ጮኾ ይሆን?» አለችኝ።

«ጮኾ ይሆናል። ለቅሶው ውጦት ነው፣» አልኳት።

«አታውቀውም፣» አለች። «እሱ አይጮህም። መጣች አልመጣች እያለ መስኮቱን እያየ ነው የጠበቀኝ።» ይህን ብላ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

ሹሙ ሕዝቡ ለምን በቀብር መስኮት በኩል እንደሚዞር ግራ ገባው። አንዳርጌን ጠርቶ፣ የምትለውን ቃል በቃል እያዳመጥክ ትነግረኛለህ አለው። አንዳርጌ የዚያን ዕለት ግማሽ እርምጃ ቀረብ ብሎ ቆመ። እታፈራሁም እያየችው ድምፅዋን አልቀነሰችም።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ጠዋት፣ አንዳርጌ ዱላውን ሳይዝ መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቋል። ከኋላው ዘመዶቹ ቃሬዛ ተሸክመዋል። እናቱ ናት፤ ሌሊቱን አልፋ አገኘናት አሉ።

እታፈራሁ ተነሣች። እሱ ቆመ። ያን ቀን እግሩ ላይ ስትወድቅ የነበረው ፊት ነው አሁንም ያለው። እሷ ምን ዓይነት ፊት እንደነበራት አላየሁም፤ ጀርባዋን ነው የሰጠችኝ። ክሬን ጥርሴ ላይ ይዤ ቀረሁ። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር። እኔም አልወቅሳትም ነበር።

ልብሱን ገለጠች። እጇን እናቱ አፍንጫ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ከሌላው ጊዜ በላይ ቆየች። የአሮጊቷን አንገት ነካች። ከዚያ ደረቷን መታች፤ ግን ድምፅዋ እንደ ድሮው አልወጣም። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እየዘጋ ነበር፤ ያን ቀን እንደ ሹክሹክታ ሆነ። «ቢሰውር ዓለሜ» የሚለው ብቻ ተሰማ።

«ምን አለች?» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ። «አልሰማንም። እናስገባ?» ጋሽ ይርዳው መዝጊያውን ከፍቶ በሁለት እጁ ይጠብቃል።

አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ወደ እናቱ አፍ አስጠጋ። ሲነሣ ፊቱ አመድ መስሏል። ዘወር አለ። ሹሙ የዕለቱን ወሬ ሊሰማ ከመንገዱ ጫፍ እየመጣ ነበር፤ ሁላችንም አየነው፤ አንዳርጌም አየው። ጉሮሮውን እንደ ድሮው ጠረገ።

«ቢሰውር ወንድሜ፣ ያላለቀ ሥራ፣» አለ። መንገዱ ዳርና ዳር ሰማው። «እናቴም ትተነፍሳለች፣ እንዳንተ በተራ!»

ሹሙ ደርሶ፣ «ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ።

«ሐዘን ነው ጌታዬ፣» አልኩት። «እናቱ ናት።»

ሹሙ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ቃሬዛው በፊቱ አልፎ ወደ ቤት ተመለሰ።